ለሐሙስ ገበያ በኪስ የሚያዝ (መልስ)

የጆሮ መድፈኛ ይያዙ። ኦቲዝም እንዳለብዎ፣ በጅማ የሐሙስ ገበያ ጩኸቱ ሲበረታብዎ ምንም ሳይገዙ እንደሚመለሱ፣ የሰው ዓይን እንዳይስብ ደግሞ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ እንደማይፈልጉ ስለ ጻፉ፣ የሚሻልዎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የስፖንጅ መድፈኛ ነው። በጣትዎ ጠቅልለው አቅጥነው ካስገቡት በኋላ ውስጥ ሲሰፋ ድምፁን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ ሻሽ ወይም ነጠላ ከተደረበበትም አይታይም።

እጅዎ የሚነካካው ነገር ሲፈልግ መቁጠሪያ ወይም ሙስበሃ ይበቃል። እኔም እንደ እርስዎ ኦቲዝም ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ለዚሁ ተብለው በውጭ አገር የሚሸጡትን ማፍተልተያዎች ለዓመታት ስመኝ ኖሬ፣ መፍትሔው በአያቴ እጅ ላይ እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በከተማችን ዶቃ የሚቆጥርን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ለሽታ ጤና አዳም በመሐረብ ጠቅልለው ይያዙና ሥጋ ተራ ሲደርሱ ያሽትቱት። ለፀሐይ ጥላ ያለው ቆብ፣ ለክረምቱ ጃንጥላ ያስፈልጋል። ቃል የሚጠፋብዎ ከሆነም የሚገዙትን ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ለሻጩ ማሳየት ነውር የለውም።

መንገድ ሲያቋርጡ ግን መድፈኛውን ከሁለቱም ጆሮዎ ያውጡ። እኔ ይህን ቸል ብዬ፣ ከኋላዬ ጡሩንባ እየነፋ የመጣ ባጃጅ ክንዴን ጨርፎኝ አልፏል፤ ሾፌሩ ሲቆጣኝ እንኳ የሰማሁት ከንፈሩን አይቼ ነው።