ኪልት ለብሼ ኮንሰርት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ድሬዳዋ ከዚራ ነው፤ ዕድሜዬ 58 ደርሷል። ልጄ ግላስጎ ከተማ ትዳር መሥርታ ስለምትኖር በመጪው ጥር ልጠይቃት ጉዞዬን አሰናድቼ ጨርሻለሁ። አማቼ ስኮትላንዳዊ ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን በከተማዋ ከሚካሄደው የኬልቲክ ሙዚቃ ፌስቲቫል የአንድ ምሽት ትኬት ቆርጦልኛል። እሱ ኪልት የሚባለውን የአገሩን የወንድ ልብስ እንደሚለብስና ለእኔም ሊከራይልኝ እንደሚፈልግ በስልክ ነገረኝ። ነገሩን ለባለቤቴ ባነሳላት «በሽምግልናህ ቀሚስ ልትለብስ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ የበርጫ ጓደኞቼም ከዚያ ቀን ወዲህ መቀለጃ አድርገውኛል። ወንድሜ ደግሞ በትውልዱ ስኮትላንዳዊ ያልሆነ ሰው ቢለብሰው በሰው ባህል መቀለድ ነው ይላል። ሐረር መኪና ግርግር ልብስ የሚሰፋ የአክስቴ ልጅ በበኩሉ «ለኪራይ ገንዘብ ከምታወጡ እኔው እሰፋልሃለሁ» ብሎኛል። ልልበስ ወይስ ይቅርብኝ? ከለበስኩስ ምን ምን ልጠንቀቅ?
የከዚራው ተጓዥ

መልስ፦ እኛ እንዲለብሱ እንመክርዎታለን፤ ከለበሱ ግን በወጉ አሟልተው ይሁን።

ከባለቤትዎ ሳቅ እንጀምር። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ በመጋላም ሆነ በከዚራ ሽርጡን አገልድሞ በረንዳው ላይ አረፍ የሚል ሰው «ቀሚስ ለበሰ» ሲባል ሰምተን አናውቅም። ኪልትም በሥረ ነገሩ ወገብ ላይ የሚጠመጠም የወንድ ልብስ ነው፤ ከሽርጥ የሚለየው ከወፍራም ሱፍ መሠራቱና ከኋላው መሸንሸኑ ነው። ጥንታዊው ዓይነትማ ለጋቢ ይቀርባል። በሰሜናዊው የስኮትላንድ ደጋ የሚኖሩ ወንዶች ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ አንድ ትልቅ የሱፍ ጨርቅ ወገባቸው ላይ በቀበቶ አጥብቀው የቀረውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉት ነበር፤ ሌሊት ደግሞ ፈትተው ይለብሱት ነበር። የዛሬው አጭር ኪልት የዚያ ታችኛው ክፍል ብቻ ተነጥሎ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተለመደ ነው።

የወንድምዎ ስጋት ከባለቤትዎ ቀልድ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ይህ ልብስ በአንድ ወቅት ሰው ያሳስር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1746 ደገኞቹ በኩሎደን ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ የደገኞቹን ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ለብሶ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወር ይታሰራል፣ ከደገመ ለሰባት ዓመት ከባሕር ማዶ ይጋዛል፤ ክልከላው የማይመለከተው ለመንግሥት የሚዋጉትን ወታደሮች ነበር። ሕጉ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1782 ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሲሞላ፣ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1822 ኤደንብራን ሲጎበኙ ራሳቸው ኪልት ለብሰው ታዩ፤ ትናንት የተከለከለው የደገኞች ልብስ የመላው አገር የክት ልብስ እየሆነ የሄደውም ከዚያ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ልብስ የባዕድ ሰው በወጉ ሲለብሰው አገሬው እንደ ክብር እንጂ እንደ ስድብ አያየውም፤ በተለይ የጋበዝዎት የቤተሰቡ ልጅ ሲሆን። ቅር የሚያሰኘው ለቱሪስት የሚሸጠው፣ ከቆብ ጋር ቀይ አርቲፊሻል ጸጉር የተሰፋበት መቀለጃ ነው። አማችዎ በጨዋታ ቢያቀርብልዎ እንኳ እሱን አያጥልቁ።

ታርታን የሚባለው ባለ ዳማ ጥለት የጎሣ ምልክት ነው ሲባል ሰምተው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጥለቱን ከየቤተሰቡ ስም ጋር አጥብቆ ማያያዝ የመጣው በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ እገሌ ይልበስ እገሌ አይልበስ የሚል ሕግ ዛሬ የለም። ለንጉሣውያን ቤተሰብ ብቻ በወግ የተጠበቀውን የባልሞራል ጥለት አከራዮቹ ራሳቸው አይሰጡዎትም። ምርጫው ለእርስዎ ከተተወ ብላክ ዎች የሚባለውን፣ በጥቁር ሰማያዊና በጥቁር አረንጓዴ የተሠራውን የወታደር ጥለት ይውሰዱ፤ ማንም የሚለብሰው ከመሆኑም ሌላ ዓይን አይወጋም። የአማችዎን ቤተሰብ ጥለት ካቀረቡልዎ ግን እሱን ይቀበሉ።

አሁን ወደ አለባበሱ እንለፍ፤ ሰው የሚታዘበውም እዚህ ላይ ነውና። ነጠላ የሚለብስ ሰው ጥለቱ የት እንደሚውል ለደስታና ለሐዘን እንደሚለይ ሁሉ፣ ኪልትም ፊትና ኋላ፣ ቀኝና ግራ አለው። ሽንሽኑ ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ሽንሽኑን ወደ ፊት ያዞረ እንግዳ ከሩቅ ይለያል። ከፊት ሁለት ዝርግ ጨርቆች ይነባበራሉ። በመጀመሪያ የውስጠኛውን ወደ ግራ ስበው ማሰሪያውን በግራ ወገብ ባለችው ቀዳዳ አሹልከው በዘለበቱ ይቆልፉት፤ ከዚያም የላይኛውን ከግራ ወደ ቀኝ አምጥተው በቀኝ ዳሌ በኩል ያስሩት። ዘርፍ ያለው ጠርዝ በቀኝዎ መውደቅ አለበት። የኪልት መርፌ ቁልፍ በቀኝ በኩል ከታችኛው ጥግ አጠገብ ይሰካል፤ የሚሰካው ግን በላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ደርቦ የሰካ ሰው በተራመደ ቁጥር ጨርቁን ይጎትተዋል፣ አንዳንዴም ይቀደዋል። ርዝመቱ ጉልበት ላይ ያበቃል። ጉልበትዎን መሬት አስነክተው ቀጥ ሲሉ ቅምቅማቱ ወለሉን ከሸፈነ ረዝሟል ማለት ነው።

ኪልት ኪስ ስለሌለው ስፖራን የሚባል የቆዳ ቦርሳ ከፊት ይንጠለጠላል፤ ትኬትዎንና ስልክዎን የሚይዝልዎ እሱ ነው። በጨዋነት በኩልም ሥራ አለው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ሽንሽኑን በእጅዎ ጀርባ ከበስተኋላ እያስተካከሉ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን ሰብሰብ ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ስፖራኑ በክብደቱ የፊቱን ጨርቅ ጭኖ ይይዘዋል። የውስጥ ሱሪ ነገርም በደብዳቤዎ ባይጠቀስም በልብዎ እንደሚኖር እንገምታለን። ያለ ውስጥ ሱሪ መልበስ የድሮ ወታደሮች ወሬ ነው፤ በኪራይ ልብስ ላይማ ነውር ስለሆነ በደንብ ይልበሱ። ከካልሲ ውስጥ የምትሰካው ትንሽ ጩቤ፣ የእነሱ ጊሌ ማለት ይቻላል፣ ከኪራዩ ጋር ብትመጣ እንኳ ቤት ትቆይ፤ የአዳራሹ በር ላይ ከጥበቃ ጋር መከራከር ለእንግዳ አይመችም።

ስለ ኮንሰርቱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኬልቲክ ሲባል ስኮትላንድ ብቻ አይደለም፤ አየርላንድ፣ ዌልስ፣ የፈረንሳይዋ ብሪታኒና ሌሎችም በዚህ ስም ይጠራሉ፤ የአየርላንድ ባግፓይፕ (ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ) ነፊዎች ሲለብሱ የሚታየው ኪልት ራሱ ዳማ የሌለው፣ ባለ አንድ ቀለም ብጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር በሚካሄደው የግላስጎው ኬልቲክ ኮኔክሽንስ ፌስቲቫል ከሕዝቡ የሚበዛው ሱሪ ለባሽ ነው፤ ብዙ ሙዚቀኞችም በጂንስ ወደ መድረክ ይወጣሉ። ስለዚህ ባለ ብር ቁልፉን ጥቁር ኮት ለሠርገኛ ትተው፣ ከኪልቱ ጋር ሸሚዝና ሹራብ፣ ከጉልበት በታች የሚታጠፍ ወፍራም ካልሲና ጥሩ ጫማ ቢያደርጉ ይበቃል። ብርዱ አያሳስብዎ፤ የግላስጎ ጥር በአብዛኛው በ2 እና በ7 ዲግሪ መካከል ቢሆንም ሱፉ ለወገብና ለጭን ይሞቃል፤ የሚቀዘቅዘው ጉልበት ብቻ ነው። ሙዚቃው ደግሞ እንደ ባዕድ አይሆንብዎትም፤ ብዙዎቹ የስኮትላንድ ዜማዎች አምስት ድምፅ ያላቸው ስለሆኑ ትዝታ ሜጀር የለመደ ጆሮ ቶሎ ይይዛቸዋል። ሰዉ ለጭፈራ ሲነሳ ከተነሱ ስፖራኑን ወደ ጎን ዳሌዎ ያዙሩት፤ አለበለዚያ በዘለሉ ቁጥር ከፊት ይመታዎታል።

የቀረው የአክስትዎ ልጅ ጉዳይ ነው። የመኪና ግርግር ሰፊዎች እጅ እንደማያንስ እናውቃለን፤ መንደሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያሻንም። ችግሩ ጨርቁ ነው። ለአንድ የአዋቂ ኪልት በልማድ 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወፍራም ሱፍ ይገባል፤ ሽንሽኖቹም ከ20 በላይ ሆነው፣ ተጣጥፈው ሲያልቁ ዳማው ከኋላ ያልተቆረጠ እስኪመስል ድረስ መስመር ከመስመር ይገጠማል። ልምድ ያለው ሰፊ እንኳ በእጁ ሲሰፋ ቀናት ይወስድበታል። በሦስት ሜትር ባለ ዳማ ጥጥ ሸንሽኖ ቢሰጥዎ የሚወጣው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ የጓደኞችዎም ቀልድ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል። ለአንድ ምሽት ኪራይ ይሻላል።

የእሱ እርዳታ ግን ለልኬቱ ያስፈልግዎታል። በሜትሩ የእምብርትዎን ዙሪያ፣ የዳሌዎን ዙሪያ፣ ከእምብርት እስከ ጉልበት መካከል ያለውን ርዝመትና ቁመትዎን በሴንቲ ሜትር ይለካልዎትና ከመሄድዎ በፊት ለአማችዎ ይላኩ። የሱሪ ቁጥርዎን አይላኩ፤ ኪልት የሚታሰረው ከሱሪ ወገብ ከፍ ብሎ እምብርት ላይ ስለሆነ ሁለቱ አይገጥሙም።