የአንባቢያን ጥያቄ፦ በቤት ውስጥ ያለ የበርበሬ ችግኝ ለምን ይጠወልጋል?

ጥያቄ፦ የማረቆ በርበሬ ዘር ገና ካለፈ በኋላ በትንንሽ ማሰሮዎች ዘርቼ ስድስት ችግኞች በቀሉልኝ። ያስቀመጥኳቸው በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከማሞቂያው በላይ ሲሆን፣ የኤልኢዲ መብራትም በቀን ለ18 ሰዓት ይበራላቸዋል። አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጡ ድረስ ደኅና ነበሩ። ከዚያ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሁሉም ቅጠሎች ወደ ታች ተንጠለጠሉ፤ በቅጠሎቹ ጀርባ ላይም ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ። ምግብ ያነሳቸው መስሎኝ ፈሳሽ ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ ሰጠኋቸው፤ ይባስ ብሎ የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ውሃ በየቀኑ አጠጣቸዋለሁ። ምን ጎድሏቸው ይሆን? (አንባቢ፣ ከሙኒክ)

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ከገለጹልን ምልክቶች እንደምንረዳው ለችግኞችዎ የጎደላቸው ነገር የለም፤ የበዛባቸው እንጂ። ውሃው በዛ፣ ቀጥሎ ማዳበሪያው በዛ፣ ምናልባትም መብራቱ በዛ። ይህን የምንለው በግምት ብቻ አይደለም፤ ምልክቶቹ የታዩበት ቦታና የተከታተሉበት ቅደም ተከተል ወደዚያው ስለሚያመለክቱ ነው።

በመጀመሪያ መጠውለጉን እንመልከት። የበርበሬ ችግኝ ውሃ ሲጠማውም ሆነ ሥሩ በውሃ ሲታፈን ቅጠሉን በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ታች ይጥላል፤ ብዙ ሰው የተንጠለጠለ ቅጠል ባየ ቁጥር ውሃ የሚጨምረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሥር ውሃ የሚስበው አየር ሲያገኝ ነው፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ መተንፈስ ያቅተውና በውሃ ተከቦ እያለ ለቅጠሉ ውሃ ማድረስ ይሳነዋል። ሁለቱን የሚለየው ቅጠሉ ሳይሆን ማሰሮው ነው። ማሰሮውን በእጅዎ አንሥተው ክብደቱን ይመዝኑ፤ ጣትዎንም ወደ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ቀላልና ደረቅ ከሆነ ተክሉ ተጠምቷል፤ ከባድና እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከወደቀ ግን ተጨማሪ ጠብታ ውሃ እንኳ ይጎዳዋል። በየቀኑ የሚጠጣ ትንሽ ማሰሮ በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ችግኝ ሁልጊዜ ጨቅይቶ የሚቆይ ስለሆነ የእርስዎ ጉዳይ ሁለተኛው እንደሚሆን አንጠራጠርም።

በቅጠሉ ጀርባ ያዩዋቸው እብጠቶችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። ሥሩ ገና ሳይታፈን ከሚያስፈልገው በላይ ውሃ ሲስብና ቅጠሉ ያንን ውሃ ወደ አየር ማስወጣት ሲያቅተው ሴሎቹ ያብጡና ይፈነዳሉ፤ በኋላም ቦታው እየደረቀ እንደ ቡሽ ይሻክራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ የነፍሳት እንቁላል አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። እብጠቱ በጥፍር ሲነካ የማይነሣና የቅጠሉ አካል ከሆነ የውሃ ብዛት ውጤት ነው፤ የሚነሣ ወይም የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነፍሳት ናቸው።

አሁን ወደ ቢጫው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን ማብራራት እንፈልጋለን፤ የቅጠል ቀለም ሲቀየር ከቀለሙ በላይ የሚናገረው ቀለሙ የጀመረበት ቦታ ነውና። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ሲያንሱት ተክሉ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል እየወሰደ ለለጋው ቀንበጥ ስለሚሰጥ ጉዳቱ መጀመሪያ ከታች ይታያል። ካልሲየም፣ ብረትና ቦሮን ግን አንድ ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ለመዘዋወር እጅግ ስለሚያስቸግራቸው እጥረታቸው የሚታየው ከላይ፣ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ነው። የታችኛው ቅጠል በሙሉ ወጥ ሆኖ ከነጣና ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ብቻ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም፣ ይኸው መልክ በለጋው ቅጠል ላይ ከታየ ደግሞ ብረት አላገኘም ማለት ነው።

ነገር ግን «አላገኘም» ማለት ሁልጊዜ በአፈሩ ውስጥ የለም ማለት አይደለም፤ የአብዛኞቹ የቤት ውስጥ አትክልተኞች ስሕተት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ የሚገዛ አዲስ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት የሚበቃ ምግብ ይዟል። የታፈነ ሥር ያንን ምግብ መሳብ አይችልምና ቅጠሉ የተራበ ይመስላል። ቀዝቃዛ አፈርም እንዲሁ ነው፤ ፎስፈረስ በአፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ በቅዝቃዜ ምክንያት ስለማይስበው የቅጠሉ ጀርባና ግንዱ ወደ ሐምራዊነት ይለወጣሉ። የአፈሩ የአሲድ መጠንም ሌላው ምክንያት ነው። በርበሬ የሚስማማው ፒኤች (የአሲድ መጠን መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) ከ6.0 እስከ 6.8 ገደማ ሲሆን፣ የሙኒክ የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የአፈሩን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ብረቱ በአፈሩ ውስጥ እያለ ለሥሩ የማይደረስበት ይሆናል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከቻሉ ከቧንቧው ጋር ቀላቅለው ቢያጠጡ መልካም ነው። ለጊዜው የእርስዎ ችግኞች ለጋ ቅጠል አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ በዚህ ረገድ የሚያሳስብ ነገር የለም። በመጀመሪያ የወጡት ሁለት የዘር ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሆነው ቢረግፉ ደግሞ ተፈጥሯዊ ነው።

የደረቀው ጫፍ ከማዳበሪያው በኋላ የመጣ በመሆኑ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማዳበሪያ ጨው ነው፤ በአፈሩ ውስጥ ሲከማች ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ይከለክለዋል፤ የቅጠሉ ጫፍም ከሁሉ ቀድሞ ይቃጠላል። በአፈሩ ላይ ወይም በማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ምንም እንኳ ኖራ የበዛበት ውሃም ተመሳሳይ ነጭ ነገር ሊተው ቢችልም።

ምን ይደረግ? በተለመደው አሠራር የጨው ክምችት የሚወገደው አፈሩን በብዙ ንጹሕ ውሃ በማጠብ ነው፤ በውሃ ለታፈነ ሥር ግን ይህን ዛሬውኑ ማድረግ ጉዳቱን ያብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከስድስቱ አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ ቀስ ብለው ከማሰሮው ያውጡና ሥሩን ይመልከቱ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሁሉንም ሳያጠጡ ይተዉአቸው፤ ማሰሮው ሲቀልልና የላይኛው አፈር ሲደርቅ አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥበው ውሃው ከሥር እስኪፈስ ይጠብቁ፤ በሥር ባለው ሳህን የተጠራቀመውንም ይድፉት። ሥሩ ቡናማ፣ ልፍስፍስና ሽታ ያለው ከሆነ ግን የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ወደ አዲስ፣ ውሃ በሚያሳልፍና በጥቂቱ ብቻ በረጠበ አፈር ያዛውሩት። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ሌላው ጥረት ሁሉ ከንቱ ነው። ማዳበሪያውን አዲስ ጤናማ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ያቁሙ፤ ሲጀምሩም በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን ወይም ሩቡን ይስጡ።

መብራቱን በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቢያደርጉት ይበቃል። መብራቱ በጣም ከቀረበ የላይኞቹ ቅጠሎች ይነጣሉ ወይም ጠርዛቸው ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ይህን ካዩ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። የመስኮቱ ደፍም አያስተማምንም፤ ከሥር የማሞቂያው ደረቅ ሙቀት፣ ከጎን ደግሞ በሌሊት የሚቀዘቅዘው መስታወት አለ። በርበሬ ቀን ከ20 እስከ 28፣ ሌሊት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቀት ደስ ይለዋል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ግን እድገቱ ይቆማል። ጠረጴዛ ላይ ቢያዛውሯቸው እንመርጣለን።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አያድርጉት። ውሃውን ዛሬ ያስተካክሉና አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ ወደ መብራቱ ይሂዱ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም። የተቃጠለው ቅጠል መልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ መዳኑን የሚነግርዎ ከላይ የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ነው።

ጥያቄ፦ ያለ መብራት መስኮት ላይ ያበቀልኳቸው የቃሪያ ችግኞች ቀጭንና ረጅም ሆነው ወደ ብርሃኑ አዘነበሉ፤ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሌሊት ወደቁ። ሁለቱም የብርሃን ጉዳይ ነው? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይደለም። መርዘሙና መዘንበሉ የብርሃን እጥረት ነው፤ በእናንተ አካባቢ በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ርዝመት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ መስኮት ብቻውን አይበቃም። በድንገት የወደቁትን ግን ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ቦታው ጠቁሮ እንደ ክር ከቀጠነ በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን አጥቅተዋቸዋል። የወደቁት አይድኑም፤ ከነአፈራቸው አውጥተው ይጣሏቸው። ለቀሩት የአፈሩን ገጽ ያድርቁ፣ ትንሽ የአየር እንቅስቃሴ እንዲያገኙም ያድርጉ። ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች በአፈሩ ላይ የሚያንዣብቡ ከሆነ እነርሱም የእርጥበቱ ምልክት ናቸው፤ እጮቻቸው ለጋ ሥር ይበላሉና ቢጫ ተለጣፊ ወጥመድ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የቃሪያዬ አዲስ ቅጠሎች ተጣመውና ተኮማትረው ይወጣሉ፤ የታችኞቹ ጤናማ ናቸው። ካልሲየም ልስጠው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመስጠትዎ በፊት በማጉያ መነጽር የለጋውን ቅጠል ጀርባ ይመልከቱ። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) በዓይን ይታያል፤ የሚያጣብቅ ፈሳሽም ይተዋል። ክሽክሽ ካለ ተክሉን ከሌሎቹ ለይተው በለብታ ውሃ ይጠቡትና በየጥቂት ቀኑ ይድገሙት። ምንም ሳይታይ ለጋው ቅጠል ጠባብ፣ ጠንካራና አንጸባራቂ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ያለ መነጽር የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮችን ይጠርጥሩ፤ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጠው ያስወግዱ። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ተዥጎርጉሮ ከተጣመመ ደግሞ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒት የለውምና ተክሉን ማስወገድ ግድ ነው። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና እንዲታጠብ የሚመከረው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በርበሬንም ስለሚይዝ ነው። ይኸው ቫይረስ በዘር ልባስ ላይም ስለሚጓዝ ከታመመ ተክል ዘር አያስቀሩ።