ጠቃሚ ዛፎች በዱር የት ይበቅላሉ?

ጥያቄ፦ ጎማ፣ እጣንና ቡና የሚሰጡን ዛፎች የሰው እጅ ሳይነካቸው የሚበቅሉት በምን ዓይነት ቦታ ነው? ዛሬ ብዙዎቹ በእርሻ የሚለሙ ከሆነስ የዱር መኖሪያቸውን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የዱር መኖሪያው ለዛፉ የሚስማማውን ዝናብና አፈር ከመንገሩም በላይ ከማን ጋር ተጠጋግቶ፣ ከማንስ ተራርቆ መኖር እንደለመደ ያሳያል። ይህን ሳያገናዝቡ ተክለው የከሰሩ አሉ።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር የጎማ ዛፍ ነው። አገሩ የአማዞን ደን ሲሆን፣ እዚያ በሌሎች የዛፍ ዓይነቶች መካከል ተበታትኖ ስለሚበቅል ቅጠሉን የሚያረግፈው ፈንገስ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ አይዛመትም። አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በዚያው በአማዞን ሰፊ መሬት አስመንጥሮ ዛፎቹን አጠጋግቶ ባስተከለ ጊዜ ግን በሽታው እርሻውን አዳረሰው፤ ቦታውም በ1945 ለብራዚል መንግሥት ተመለሰ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1876 ከብራዚል ወጥቶ በለንደኑ የኪው የዕፅዋት ማዕከል በኩል እስያ የደረሰው ዘር፣ ፈንገሱ ስላልተከተለው በሰፋፊ እርሻዎች ሊለማ ችሏል።

በዚያው ደን የሚገኘው የብራዚል ለውዝ ዛፍ ደግሞ ከነጭራሹ ከደኑ መነጠል አይሆንለትም። አበባው ክዳን ስላለው የሚያዳቅሉት ክዳኑን በጉልበት ገፍተው መግባት የሚችሉ ትልልቅ ንቦች ናቸው፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን የፍሬውን ልባስ ፈልፍሎ ዘሮቹን የሚያወጣውና ከፊሎቹን መሬት ውስጥ ቀብሮ የሚረሳው ደግሞ አጉቲ የተባለ አይጥ መሰል እንስሳ ነው። ለገበያ የሚቀርበው ምርት ዛሬም በአብዛኛው ከዱር የሚለቀመው በዚህ ምክንያት ነው።

የእጣን ዛፍ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ደረቅ ቆላዎች፣ ሌላ ዛፍ በሚቸገርበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። እጅግ የሚያሳስበው፣ በብዙ ቦታ ያረጁት ዛፎች ቆመው እየታዩ ችግኞቹ ግን በከብትና በእሳት ስለሚጠፉ ተተኪ መታጣቱ ነው።

የአረቢካ ቡና የዱር መኖሪያ በተለይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደን ነው፤ በባሌው የሐረና ደንና በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባም ይገኛል። እንደ ዋንዛና ሰሳ ባሉ ረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ማደግ የለመደ በመሆኑ፣ ጥላ በሌለው ማሳ ሲተከል ከአቅሙ በላይ ፍሬ ይሸከምና እንክብካቤ ካነሰው የቅርንጫፎቹ ጫፍ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን ገና በለጋነቱ የሚያጠቁረው የፈንገስ በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ከሚገኙት የቡና ዛፎች መካከል ነበር። ይህ የተቻለው በአካባቢው ያለው ቡና በመልኩም በጠባዩም እጅግ የተለያየ ስለሆነ ነው፤ ደኑ ሲመነጠር አብሮ የሚጠፋውን ያን ልዩነት የትኛውም የችግኝ ጣቢያ መልሶ ሊፈጥረው አይችልም።