አልወርድ ያለ ሚኒሞ፣ አልገባ ያለ አራተኛ ማርሽ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1996 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 1,600 ሲሲ፣ ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ክረምት ላይ እንጦጦን ስወጣ ሞተሩ ስለጋለብኝ ጋራዥ አስገባሁት። ሜካኒኩ ራዲያተሩን አጥቦ፣ «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» በማለት ቴርሞስታቱን አወጣው። ከዚያ ወዲህ ባይግልም ጠዋት ጠዋት ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ከ1,500 ዙር አልወርድ ይላል፤ ማርሹን ከፒ ወደ ዲ ሳስገባ በኃይል ይመታል፤ በቀለበት መንገድ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ እንኳ አራተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ አይገባም። ሌላ ጋራዥ ካምቢዮው መፈታት አለበት ብሎኛል። ላስፈታው?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለጊዜው አያስፈቱት። በጥያቄዎ መካከል እንደ ዋዛ ያነሱት የቴርሞስታቱ መውጣት ብቻውን ሦስቱንም ምልክቶች ሊያመጣ ይችላል።

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ከራዲያተር የሚያግድ፣ በእርስዎ ዓይነት ሞተር 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ መከፈት የሚጀምር በር ነው። እርሱ ከሌለ ውሃው ሞተሩ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ በራዲያተሩ ስለሚዞር፣ በተለይ በብርዳማ ጠዋት ሞተሩ ለመሞቅ እጅግ ይዘገያል፤ ቁልቁለት ሲወርድም መልሶ ይበርዳል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ «ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው» የሚል መልእክት ከሴንሰሩ እስከደረሰው ድረስ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሚኒሞውንም ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሲሞቅ 750 ዙር አካባቢ መሆን የሚገባው ሞተር በ1,500 እየዞረ ማርሽ ቢገባበት መምታቱ አይቀርም። አራተኛውን በተመለከተ፣ ሞተሩ በቂ ሙቀት እስኪያገኝ ኦቨርድራይቩ (ይኸው አራተኛው ማርሽ) እንዳይገባ የሚከለክለው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ የተሠራውም እንዲሁ ነው።

መኪና ጋለ በተባለ ቁጥር ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል በጋራዦቻችን የተለመደ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት በሽታውን መደበቅ እንጂ ማከም አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን እዚህ የሚያመጣው ጣጣ ቆላ ላይ ከሚያመጣው ይብሳል። እንጦጦ ላይ ላጋጠመዎት ችግር ከቴርሞስታቱ በፊት ክዳኑንና ማራገቢያውን እጠረጥር ነበር።

በመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ነድተው የሙቀት መለኪያውን ቀስት ይመልከቱ። ከመሃል በታች ከቀረ አዲስ ቴርሞስታት ያስገቡ፤ ትንሿ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ እንድትሆን፣ ውሃው ሲሞላም አየሩ በደንብ እንዲወጣ ያድርጉ፤ የታሰረ አየር ሚኒሞውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋልና።

ቀስቱ መሃል ላይ ሆኖ ሚኒሞው ካልወረደ ግን አይዘናጉ፤ ለቀስቱ መልእክት የሚልከው ሴንሰርና ለኮምፒውተሩ የሚልከው የተለያዩ ናቸው። የኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ሽቦው ሲሆን፣ ሶኬቱ ተነቅሎ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ኮፈኑ ሥር ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተው ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲከፍቱ የሞተር መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ጥቂት አርፎ፣ ዳግመኛ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ ኮድ 22 ነው፤ ይኸውም የዚሁ ሴንሰር መስመር ነው። ሴንሰሩ ደኅና ከሆነ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦና በጥቀርሻ የተያዘ የሚኒሞ ቫልቭ ይፈለጋል።

የካምቢዮ ዘይቱን ግን ዛሬውኑ ይዩት። መኪናው ከሞቀ በኋላ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን እንደረገጡ በሁሉም ማርሽ አሳልፈው ወደ ፒ ይመልሱና መለኪያ ዘንጉን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ቀላ ያለ ከሆነ ካምቢዮው እንዳለ ይቆይ፤ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ግን የሁለተኛው ጋራዥ ጥርጣሬ መሠረት አለው።