ድዴ እየደማ ጥርሴን ልታጠብ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ ባለቤቴም አፍሽ ይሸታል ብሎኛል። ብሩሹ ነው ብዬ ተውኩትና አሁን በመፋቂያ ብቻ እፍቃለሁ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ስውጥ ጥቂት ቀን ተሻለኝና ተመለሰብኝ። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄጄ ጥርሴን ልታጠብ ስል ጎረቤቶቼ «መታጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» አሉኝ። የተነቀስኩት ድዴን ነውና የእሱ ጣጣ ይሆን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ወደ ብሩሽዎ ይመለሱ። ድድዎ የሚደማው ብሩሹ ስላቆሰለው ሳይሆን አስቀድሞ ስለተቆጣ ነው። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ በጥፍር ሲጫር የሚነሳ፣ ለስለስ ያለ ነጣ ያለ ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። በየቀኑ ካልተነሳ ድዱን ያስቆጣል፤ እያደር ደግሞ ከምራቅ በሚያገኘው ካልሲየም ይጠጥራል። የታችኛዎቹን የፊት ጥርሶች ጀርባ በምላስዎ ጫፍ ይዳስሱ። የምራቅ መውጫ እዚያ ስላለ ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከሻከረዎት አገኙት ማለት ነው፤ እሱን ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፤ የሚያነሳው ጥርስ ሐኪም በመሣሪያ ነው፤ ጥርስ መታጠብ የሚባለውም ይኸው ነው።

አሞክሳሲሊንም እንደዚሁ። ባክቴሪያውን ለጊዜው ቢያዳክም መኖሪያው ጠጠር እዚያው ስላለ ተመልሶ ይራባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግሞ መዋጥ ትርፉ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ነው።

የጎረቤቶችዎ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጠጠሩ ለዓመታት ተቀምጦ ድዱ ሲሸሽ፣ ጥርሱን የያዘውም አጥንት ሲሳሳ ጥርሱ ይላላል። ነገር ግን ጠጠሩ ራሱ ጥርሶቹን አጣብቆ ስለሚይዛቸው መላላቱ አይታወቅም። ሲነሳ ክፍተቱ ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ቀናት ይጠዘጥዛል፣ ሰውዬውም «አጥበው አበላሹኝ» ይላል። ድዱንና አጥንቱን የበላው ግን በሽታው ነው። እኔ እንደማየው በዚህ ፍርሃት የሚዘገዩ ሰዎች በመጨረሻ የሚመጡት ለማስነቀል ነው።

ያረጀ ንቅሳት ድድ አያደማም። አንድ ጉዳት ግን አለው፦ የተቆጣ ድድ መቅላቱን ይሸፍናል። ስለዚህ እርስዎ ቀለሙን ሳይሆን ደሙን፣ እብጠቱንና ሽታውን ነው መከታተል ያለብዎት።

ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ጥልቀት በቀጭን መለኪያ ያያል፤ ካስፈለገ ራጅ ያዛል። በሽታው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ፣ ታጥበው በደንብ ከቦረሹ መድማቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ወደ አጥንት ከዘለቀ በማደንዘዣ ከድዱ ሥር መጽዳት አለበት፤ ያኔ በሽታው ባለበት እንዲቆም ይደረጋል እንጂ የሄደው አጥንት በመታጠብ አይመለስም።

ቤት ውስጥ ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ። ጠዋትና ማታ ለሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገው፣ ሳይጫኑ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ። የማታውን አይዝለሉ። መፋቂያን አልነቅፍም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ የፊት ጥርስን ያጸዳል፣ ወደ መንጋጋና ወደ ምላስ በኩል ግን እምብዛም አይደርስም። በጥርሶች መሃል ያለውን ቆሻሻ የሚያወጣው የጥርስ ክር ነው። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ያሳርፋል፤ ሕክምናውን ግን አይተካም።

የስኳር ምርመራም ያድርጉ። የስኳር በሽታ የድድ ሕመምን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ወይም ኒፈዲፒን፣ ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ድድ ሊያሳብጡ ይችላሉ። በራስዎ ግን አያቋርጡ። እርጉዝ ቢሆኑም መታጠብ ይችላሉ፤ በእርግዝና ጊዜ ድድ ይበልጥ ይደማል።

መንጋጋዎ ወይም አንገትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።