3000 ላሳትም ወይስ 300?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልብወለዴን ጨርሻለሁ። አሳታሚዎች መልስ ስላልሰጡኝ ራሴ ላወጣው ነው። ማተሚያ ቤቱ ቅጂ በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል ብሎ 3000 እንዳሳትም መከረኝ። ያን ካደረግሁ ግን ለአርታኢ የምከፍለው አይተርፈኝም። ጓደኞቼ አንብበው በጣም ወደውታል። ያለ አርታኢ ባወጣውስ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጨርሰው እዚህ በመድረስዎ እንኳን ደስ ያለዎት። ያለ አርታኢ ግን እባክዎ አያውጡት። ቅጂውን ይቀንሱና ገንዘቡን ለአርትዖት ያውሉት።

ማተሚያ ቤቱ እውነቱን ነው። በኦፍሴት ህትመት ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበትን የማተሚያ ሰሌዳ) ማዘጋጀቱና ማሽን ማስተካከሉ ለ300 ቅጂም ለ3000ም ያው ነው፤ ስለዚህ ቅጂ ሲበዛ ወጪው ይከፋፈላል። ከኪስዎ በአንዴ የሚወጣው ግን የ3000ው ጠቅላላ ዋጋ ነው። ገና አንባቢ ለሌለው ደራሲ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ዲጂታል ህትመት ፕሌት አይፈልግም። አንዱ ቅጂ ወደድ ይላል፤ ሆኖም 300 አሳትመው ሲያልቅ መድገም ይችላሉ። በመሃል የተገኘ ስህተትም በሁለተኛው ዙር ይታረማል።

ወደ ጓደኞችዎ ልምጣ። ጓደኛ ታሪኩን ተከትሎ ይሄዳል፣ እርስዎንም ይወዳል። እኔ አርታኢ ነኝ። ረቂቅ ሲደርሰኝ ገና ሳላነበው «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በፋይሉ ውስጥ እፈልጋለሁ። ቀጥዬ «ፀሀይ»፣ ከዚያ «ጸሐይ»። ብዙ ጊዜ ሦስቱም አንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ምዕራፍ አንድ ላይ «ኃይሉ» የነበረው ሰውዬ ምዕራፍ አራት ላይ «ሀይሉ» ይሆናል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው። አንባቢ ይህን ቆጥሮ አይነግርዎትም፤ ግን ደራሲው ተጠንቅቆ እንዳልሠራ ይሰማዋል፣ ታሪኩንም ማመን ያቆማል። የልፋትዎ ዋጋ በዚህ ሲቀር ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ሽፋኑን ቸኩለው አያስጨርሱ። መደርደሪያ ላይ የሚታየው የጎኑ ስፋት በገጽ ብዛትና በወረቀቱ ውፍረት ስለሚወሰን፣ መጀመሪያ የውስጡ ገጽ ይለይለት። ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ መያዙንም ያረጋግጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊበላሽ ይችላል። ኢ-መጽሐፍም የሚያወጡ ከሆነ ባለ 13 አሃዙ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ለወረቀቱና ለእሱ ለየብቻ ነው። ሙሉው ከመታተሙ በፊት ደግሞ አንድ ናሙና ቅጂ በእጅዎ ይዘው ያንብቡ። ስክሪን ላይ ደምቆ ያዩት ቀለም ወረቀት ላይ ጠቆር ብሎ ሊወጣ ይችላል።

አርታኢውን እንዴት ልምረጥ ካሉኝ፣ ከመዋዋልዎ በፊት አምስት ገጽ አርሞ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይስጡት፤ እሱን ደጋግመው ስለከለሱት የጠራ ነው። ከመሃል ይስጡት። እርማቱ ጽሑፉን አጥርቶ የእርስዎን ድምፅ ካልነካ፣ አብረው ይሥሩ። በእርስዎ ቦታ የራሱን ከጻፈበት ሌላ ሰው ይፈልጉ።