ሎተሪ ቆርጬ ትምህርት ቤት ባሠራ ምጽዋት ይሆንልኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በዱባይ ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛ አለችኝ። ሆሴ ሪዛል ስለሚባል ያገሯ ሰው ደጋግማ ታጫውተኛለች። በግዞት በተላከበት መንደር መሪ ሆኖ የድሃ ልጆችን ያለ ክፍያ አስተማረ፣ ሕመምተኞችን አከመ፤ ገንዘቡን ያገኘው ግን ሎተሪ ደርሶት ነው ትላለች። ከካህናቱ ጋር የተጣላ ሰው እንደነበረም ነግራኛለች። አሁን “በየወሩ አብረን ሎተሪ እንቁረጥ፤ ከደረሰን እያንዳንዳችን በመንደራችን ትምህርት ቤት እናሠራለን” እያለች ትወተውተኛለች። እኔም በተማርሁበት ትምህርት ቤት ልጆች ዛሬም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደሚማሩ ስለማውቅ ልቤ ተነሣሥቷል። እናቴ ደግሞ “ገንዘብሽን ለቤተ ክርስቲያን ስጪ፤ ትምህርት ቤት የመንግሥት ሥራ ነው” ይሉኛል። በሎተሪ የተገኘ ገንዘብ ምጽዋት ይሆናል? ከቤተ ክርስቲያናችን ውጭ የነበረ ሰው የሠራው በጎ ሥራስ በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ አለው?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን፣ እኅቴ። ጓደኛሽ የነገረችሽ ታሪክ በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን አሳጥራዋለች፤ የዘለለችው ደግሞ ለጥያቄሽ መልስ የሚሆነውን ቦታ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

ሪዛልን የመንደር መሪ አድርጎ የሾመው ሰው የለም። ግዞተኛ ነበር። በአውሮፓ የተማረ የዐይን ሐኪም ሲሆን፣ በአገሩ ስለነበረው የስፔን አገዛዝና አገዛዙን ተገን አድርገው ሕዝቡን ስለሚበድሉ መነኮሳት በመጻፉ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 ዳፒታን ወደምትባል የሚንዳናው ደሴት የባሕር ዳር ከተማ ተጋዘ። ዕድሜው ያን ጊዜ 31 ነበር። እዚያም 4 ዓመት ከ13 ቀን ተቀመጠ።

ከገባ ሁለት ወር እንዳለፈው የፖስታ መርከብ በባንዲራ አሸብርቃ ወደ ዳርቻው ስትመጣ ታየች። የከተማዋ አዛዥ ካፒቴን ካርኒሴሮ ትልቅ ሹም የመጣ መሰለውና የክብር ልብሱን ለብሶ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ የሙዚቃ ጓዱን አሰልፎ ወደ ባሕሩ ዳር ገሠገሠ። የመጣ ሹም አልነበረም። መርከቧ የያዘችው የሎተሪ ወሬ ነው፤ አዛዡ፣ ግዞተኛውና አንድ ሌላ ስፔናዊ በጋራ የቆረጡት ትኬት 20,000 ፔሶ ወጥቶለት ነበር። ጠባቂና ተጠባቂ አንድ ትኬት ላይ ተስፋ ሲያደርጉ ማየት ለብቻው የሚገርም ነገር ነው። ለሪዛል 6,200 ፔሶ ደረሰው። 2,000 ለአባቱ፣ 200 ሆንግ ኮንግ ላለ ወዳጁ ላከ፤ ከቀረው ላይ ከከተማዋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ታሊሳይ በሚባል ስፍራ መሬት ገዛ።

ጓደኛሽ “ሎተሪ ደረሰውና አስተማረ” ስትል የዘለለችው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሎተሪው መሬት ገዛ እንጂ ልጆች አላስተማረም።

ትምህርቱ የተጀመረው በማግሥቱ ዓመት በ3 ልጆች ነው፤ ኋላ 16 ደረሱ፣ ቆይቶም 21 ሆኑ። ልጆቹ ገንዘብ አይከፍሉም፤ በክፍያው ፈንታ በእርሻውና በአትክልቱ ቦታ ያግዙታል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ስፓኒሽና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ግብረ ገብ ይማራሉ። ጎበዙ “ንጉሠ ነገሥት” ተብሎ በወንበሩ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ሰነፉ በወንበሩ ጫፍ። ዕረፍት ሲሆን እሳት አንድደው በጭሱ ተባይ ያባርራሉ፣ የፍሬ ዛፎቹን ቅርንጫፍ ይከረክማሉ፣ አፈሩ ላይ ፍግ ይበትናሉ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ፣ ሆሴ አሴኔሮ የሚባለው፣ ኋላ የዛምቦአንጋ አገረ ገዢ ለመሆን በቅቷል። ይህን ሳነብ የቆሎ ተማሪ የነበርሁበት ዘመን ትዝ ይለኛል። የኔታ ሳንቲም አልጠየቁኝም፤ እንጨት ለቅሜ፣ ውኃ ቀድቼ፣ አንዳንዴም እርሻቸውን አርሜ ነው ዳዊት የደገምሁት። ስለዚህ የዳፒታኑ ትምህርት ቤት ለእኔ ሩቅ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እኛ ምጽዋት ሲባል ቶሎ የሚታየን ከኪስ ወጥቶ የሚዘረጋ እጅ ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፍርድ ቀን የሚጠይቀውን ሲቆጥር ግን የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ አለ፤ ስለ ገንዘብ መጠን የተናገረው የለም። ቅዱስ ጴጥሮስም በመቅደሱ ደጅ ለተቀመጠው ሽባ ብርና ወርቅ እንደሌለው ነግሮት፣ ያለውን ሰጥቶ ነው ያስነሣው። ፊደል ለማያውቅ የድሃ ልጅ ፊደል ማስቆጠር፣ ጨለማ ውስጥ ላለ ዐይን ብርሃን እንደ መስጠት ነው። ያለ ጥርጥር ምጽዋት ነው።

ሎተሪውን ግን አትቁረጪ። እዚህ ላይ አላቅማማም።

አንዳንዶች “ዕጣ በመጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ አይደለምን?” ይላሉ። ሐዋርያት ጸልየው ዕጣ የጣሉት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ ነው፤ የማንንም ገንዘብ አልወሰዱም። ከመስቀሉ ሥር የነበሩ ወታደሮችም ዕጣ ጥለዋል፤ እነርሱ የጣሉት ያልደከሙበትን ልብስ ለመውሰድ ነው። ሎተሪ ለየትኛው እንደሚቀርብ አንቺው ፍረጂ። ዕቁብም ዕጣ አለው፤ ነገር ግን ዕቁብ ላይ ወረፋው ይለያያል እንጂ ሁሉም የከፈለውን ያገኛል፣ የሚከስር የለም። ሎተሪ ላይ የአንዱ ደስታ የሚመጣው ከሺህ ሰው ኪስ ነው፤ ከእነዚያ ኪሶች ብዙዎቹ ደግሞ እንደ አንቺ በሰው ቤት የሚደክሙ ሰዎች ኪሶች ናቸው። ስእለቱን ስትጨምሪበት ነገሩ ይብሳል። “ከደረሰኝ ትምህርት ቤት አሠራለሁ” ማለት እግዚአብሔርን የትኬት ሸሪክ ማድረግ ነው። ሳይደርስሽ ሲቀርስ? ልጆቹ ድንጋይ ላይ መቀመጣቸውን ይቀጥላሉ፤ ጥፋቱም የዕድል ይሆናል።

“ታዲያ ሪዛል ቆርጦ የለምን?” ትይኛለሽ። ቆርጧል። ማድሪድ ተማሪ ሳለ ጀምሮ በየጊዜው ጥቂት ገንዘብ ለሎተሪ ይመድብ እንደነበር ይነገራል፤ ታሪኩን የጻፈ ሰው ብቸኛ መጥፎ ልማዱ ይህ እንደሆነ ጽፏል። መልካም ሥራውን እንውሰድ፣ ልማዱን ለራሱ እንተውለት። መሬቱ በሎተሪ መገዛቱን ልክድሽ አልችልም፤ ነገር ግን በእጅ የገባን ገንዘብ ወዴት ላድርገው ብሎ ማሰብና፣ ይግባልኝ ብሎ በር በሩን ማየት አንድ አይደሉም። የካህናት አለቆች የይሁዳን 30 ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መቅደሱ መባ አላስገቡትም፤ የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዝተው የእንግዶች መቃብር አደረጉት። ስለዚህ ጓደኛሽ ቀድማ ቆርጣ ደርሷት ከሆነ ለድሆች ታውለው፤ አንቺ ግን አትጀምሪው። ለትኬት ልታወጪው ያሰብሽውን በየወሩ ለብቻው አስቀምጪውና በዓመቱ ቁጠሪው። ቢያንስ ለጥቂት ወንበሮች የሚሆን እንጨት ይገዛል፤ ይህ ደግሞ ዕጣ አይጠብቅም።

ስለ ሃይማኖቱ የጠየቅሽው ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ሪዛል ሲጋዝ ዳፒታን ባሉት የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ካህናት ቤት እንዲቀመጥ ታስቦ ነበር፤ ስለ ሃይማኖት የጻፈውን ስሕተት በአደባባይ እንዲክድ ግን ቅድመ ሁኔታ ቀረበለት። እምቢ ብሎ አዛዡ ቤት ገባ። ፓስቴልስ ከሚባሉት የኢየሱሳውያን አለቃ ጋር ስለ እምነት ለወራት በደብዳቤ ተከራከረ፤ ቅዳሴ መሄዱን ግን አልተወም። የቀድሞ መምህሩ አባ ሳንቼስ ዳፒታን ሲመጡለት ደግሞ ሁለቱ ሆነው በአደባባዩ ላይ የሚንዳናውን ደሴት ተራራና ወንዝ የሚያሳይ ካርታ ከአፈር ሠሩ፤ ካርታው ዛሬም አለ። በታኅሣሥ 1896 ማኒላ ላይ ሊረሸን ሲል በመጨረሻው ሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ ታርቆ ፈርሟል ይባላል፤ በ1935 የተገኘው ወረቀት እውነተኛ ነው አይደለም በሚል ያገሩ ሰዎች እስካሁን ይሟገታሉ። እኔና አንቺ በዚህ ሙግት ውስጥ ቦታ የለንም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በውጭ ባሉት ላይ የሚፈርደው እግዚአብሔር መሆኑን ነግሮናል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቆርኔሌዎስ የሚባል የመቶ አለቃ አለ። ያልተጠመቀ ሰው ነው፤ ጸሎቱና ምጽዋቱ ግን በእግዚአብሔር ፊት መታሰቢያ ሆኖ እንዳረገ መልአኩ ነግሮታል። እግዚአብሔር በጎ ሥራን ከየትም ቢመጣ ያየዋል ማለት ነው። ከዚያው ጋር መልአኩ “ምጽዋትህ ይበቃሃል” አላለውም፤ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ አዘዘው፤ ተማረ፣ ተጠመቀ። ሁለቱን አብረሽ ያዢ። የሪዛልን ትጋት ብታደንቂ ኃጢአት አይሆንብሽም። እንደ ቅዱስ ግን አትያዢው፤ በአገሩ እንደ አምላክ የሚያመልኩት አንዳንድ ማኅበራት መነሣታቸውንም እወቂ። ደጉን ሳምራዊ ጌታ ምሳሌ ያደረገው የሳምራውያንን አምልኮ አጽድቆ አልነበረም።

እናትሽ “የመንግሥት ሥራ ነው” ያሉትን ሳነብ ደግሞ የሪዛል እናት ትዝ አሉኝ። ዐይናቸው እየጠፋ ስለነበር ዳፒታን ድረስ ሄደው ልጃቸው ቀዶ አከማቸው። እሳቸው ግን አትንኩት የተባሉትን ፋሻ ራሳቸው ፈትተው ዐይናቸው አመረቀዘ። ሐኪም ቤተሰቡን እንዳያክም የሚባለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ ብሎ ጻፈ፣ ምስኪን። እናቶች የትም አገር እናቶች ናቸው! ድሆችን በነፃ ያክም ነበር፤ አንድ ባለጸጋ የከፈለውን 500 ፔሶ ደግሞ ለዳፒታን የመንገድ መብራት አዋለው። መብራት የመንግሥት ሥራ አልነበረምን? ነበር። የሚያበራው መንግሥት ግን አላበራውም፣ ሰዉም በጨለማ ይሰናከል ነበር።

ይሁንና እናትሽ በግማሹ ትክክል ናቸው። አሥራት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለወንበር ብለሽ ከእርሱ አትቀንሺ። ምጽዋት ከአሥራት በላይ የሚሰጥ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 በየሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከሚወጣው አሥራት ሌዋዊው ብቻ ሳይሆን መጻተኛው፣ ድሃ አደጉና መበለቲቱም በልተው እንዲጠግቡ ታዟል፤ የእግዚአብሔር ገንዘብ ድሃ ዘንድ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ፊደል ያስቆጠረችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ “ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ምን አገናኘው” ሲሉሽ ይህን አስታውሻቸው፣ በለሰለሰ አንደበት።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ከደመወዝሽ አሥራቱን አውጪ፤ ለራስሽም ያዢ፣ በባዶ እጅ ወደ አገር መመለስ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከቀረው ላይ የምትችዪውን ለትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ላኪ፤ እዚያው የመንደሩ አናጢ ወንበሩን ይሥራ፣ ደረሰኝም ይላክልሽ። ደረሰኝ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። ስምሽ ወንበሩ ላይ እንዲጻፍ ግን አትፍቀጂ፤ ቀኝሽ የሰጠውን ግራሽ አይወቅ። አንድ ቀን ስትመለሺም የያዝሽውን ዓረብኛና እንግሊዝኛ አስቢ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለማስተማር ሎተሪ አያስፈልግም።

ለጓደኛሽም አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሪዛል ለአውሮፓዊ ወዳጁ ለብሉሜንትሪት በጻፈው ደብዳቤ ታሊሳይ ላይ ሦስት ቤት እንዳለው ይነግረዋል፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ውስጥ ልጆቹ አሉ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የዶሮዎቹ ነው። ስምንት ማዕዘን ለእኛ የቤተ ክርስቲያን ቅርጽ ስለሆነ የልጆቹን ቤት ወድጄዋለሁ። ለዶሮ ስድስት ማዕዘን ለምን እንዳስፈለገ ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።